የሃይሉክስ ካምቢዮ ተቀየረ፣ አሮጌው ትራንስፈር ግን አልገጥምም አለ

የማርቆስ ፒክአፕ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው ሃይሉክስ ኤልኤን106 ነው፤ ሞተሩ 3ኤል ዲዝል። የፋብሪካው ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ጂ52 ሲሆን ትራንስፈሩ (ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያከፋፍለው) በሰንሰለት ሳይሆን በማርሽ የሚሠራው የድሮው ዓይነት ነው። ሥራው ከደብረ ማርቆስ እስከ ጮቄ ሥር ማዳበሪያ ማድረስ፣ ሲመለስ ድንች ማውረድ ነው። ክረምት ላይ ፎር ሎው (አራቱንም ጎማ በከባድ ማርሽ የሚያስኬደው) ሳይገባ የሚውልበት ቀን የለም።

የካምቢዮው ሁለተኛ ማርሽ መትፋት (ራሱ ወደ ባዶ መውጣት) ጀመረ፣ አምስተኛው ይጮኻል፣ ዘይቱ ሲወርድም የብረት ፍንካች ተገኘበት። በምትኩ አዲስ አበባ ካለው የመኪና ዕቃ ገበያ፣ ከሶማሌ ተራ፣ ያገለገለ አር150 ካምቢዮ ተገዛ። ካምፓናው (ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ቤት) አብሮት አለ፣ ትራንስፈር ግን የለውም። ሻጩ ከ2ኤል ቱርቦ ዲዝል የወረደ መሆኑንና የድሮውን ትራንስፈር እንደሚቀበል ተናግሯል። ካምፓናው ከሞተሩ ጋር ያለ ችግር ገጠመ። ትራንስፈሩ ግን ዘንጉን ጫፉ ላይ እንኳ አልጎርስ አለ፤ ቡሎኖቹም ከቀዳዳው ጋር ፊት ለፊት አይገናኙም።

እዚህ ያለ ቶርኒዮ (የብረት መቅረጫ) ቤት የዘንጉን ጥርስ ጠርቦ ሊያስገባው እንደሚችል ይናገራል። ያዋጣል? ካላዋጣ የትኛው ዕቃ መቀየር አለበት? ትራስሚሲዮኑስ (ከትራንስፈሩ ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግ) ይነካ ይሆን? ክረምቱ ሳይገባ መኪናው መነሣት አለበት።

የቢቸና ጋራዥ

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ትራንስፈሩን በቡሎን እየሳቡ ለማስገባት እንዳትሞክሩ። ትክክለኛው ዕቃ በእጅ ግፊት ብቻ ዘንጉ ላይ ይንሸራተታል፤ ጥርስ ከጥርስ ጋር ካልተገናኘ የኋላውን ፍላንጅ (ትራስሚሲዮኑ የሚታሰርበትን ክብ) ትንሽ ማዞር ይበቃል። በቡሎን የተሳበ ዕቃ መጨረሻው የተሰነጠቀ አዳፕተር ነው።

እንቢ ያለበት ምክንያት የጥርስ ቁጥር ይመስላል። የጂ52፣ የጂ58 እና የደብሊው56 ካምቢዮ የኋላ ዘንግ ጫፉ ላይ 21 ጥርስ አለው። የአር150 እና የአር151 ግን 23 ነው። አሮጌው ትራንስፈር ውስጥ ያለው የመግቢያ ማርሽ ለ21 የተቆፈረ ስለሆነ 23ቱን ሊጎርስ አይችልም። በዓይን ሲያዩት አንድ ዓይነት ይመስላል፤ ስለዚህ መቁጠር ነው። ዘንጉ በጋዝ ታጥቦ ይድረቅ። አንዱ ጥርስ በነጭ ቀለም ምልክት ይደረግበት፤ ከሱ ቀጥሎ ያለው «አንድ» ተብሎ ይጀመርና ምልክቱ ያለበት ጥርስ መጨረሻ ላይ ይቆጠር። ሁለት ሰው ለየብቻ ይቁጠር፤ በ21 እና በ23 መካከል መሳሳት በጣም ቀላል ነው። የትራንስፈሩም ማርሽ ከውስጥ እንደዚሁ ይቆጠር።

ሁለተኛው ነገር ቡሎኖቹ አለመገናኘታቸው ነው። በካምቢዮውና በትራንስፈሩ መካከል ያለው አሉሚኒየም ቤት፣ ማለትም አዳፕተሩ፣ ተራ መሸፈኛ አይደለም። የማርሽ ዱላው እሱ ላይ ይቀመጣል፣ የመምረጫው ዘንግ በውስጡ ያልፋል፣ የኋላውን ፓራኦሊዮም (የዘይት ማገጃ ቀለበት) የሚይዘው እሱ ነው። አር150 ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከሰንሰለቱ ትራንስፈር ጋር ነው፤ አዳፕተሩም ለሰንሰለቱ የተሠራ ስለሚሆን የቡሎን ቀዳዳዎቹ የማርሹን ትራንስፈር አይቀበሉም። የጂ52ን አዳፕተር አውጥቶ አር150 ላይ ማሰርም አይቻልም፤ የካምቢዮው ጀርባ ሌላ ነው።

ካምቢዮ፣ አዳፕተርና ትራንስፈር ሦስት ዕቃ መስለው ቢሸጡም አንድ ዕቃ ናቸው። ከአንድ መኪና አብረው የወረዱ ካልሆኑ ወይም ቁጥራቸው ተቆጥሮ ካልተረጋገጠ ብር መክፈል አይገባም።

አሁን ደግሞ የተገዛው በእርግጥ አር150 ነው ወይስ አር151? ይኼ ጭነት ለሚጭን መኪና ትልቅ ልዩነት አለው። የጂ52 አንደኛ ማርሽ 3.928 ነው። የአር150 አንደኛ 3.830፣ የአር151 ግን 4.313። ካምቢዮው መሬት ላይ እንዳለ አንደኛ ይግባና የኋላው ዘንግ ላይም የፊቱ ዘንግ ላይም ምልክት ይደረግ። የኋላው ልክ አንድ ዙር እስኪሞላ የፊቱን በእጅ እያዞራችሁ ቁጠሩ። አራት ሳይሞላ ካለቀ አር150 ነው፤ አራትን አልፎ አንድ ሦስተኛ ያህል ከሄደ አር151 ነው።

አር150 ከሆነ አንደኛው ማርሽ ከድሮው ጂ52 በ2.5 በመቶ ይቀላል፤ ማለትም ዳገት ላይ ጉልበቱ ይቀንሳል። 3ኤል ቱርቦ የሌለው ሞተር ነው፤ ወደ ላይ 1000 ሜትር በወጣ ቁጥር ከጉልበቱ ወደ 10 በመቶ ያጣል። ጮቄ ሥር ማዳበሪያ ተጭኖበት ያቺ ትንሽ ልዩነት ትታወቃለች። አር151 ከሆነ ግን አንደኛው ወደ 10 በመቶ ይጠነክራል፤ ያ ለናንተ ሥራ ጥሩ ነው።

ቆጥራችሁ ጻፉልን።

የፍኖተ ሰላም ቶርኒዮ

ስለ ቶርኒዮው ጥያቄ እኔ ልመልስ፣ ሥራዬ ስለሆነ። አይጠረብ።

የዚህ ዘንግ ጥርስ ላዩ በሙቀት የጠነከረ፣ ውስጡ ግን ለስላሳ የሆነ ብረት ነው። ጥርሱ ሲጠረብ ጠንካራው ልባስ ይነሣና ለስላሳው ብረት ይጋለጣል። 23 ጥርስን ደግሞ ጠርቦ 21 ማድረግ ጨርሶ አይቻልም፤ ሊሆን የሚችለው ሁሉንም ልጦ ቡሽ ማስገባትና መበየድ ነው። ብየዳው አጠገቡ ያለውን ብረት ያለሰልሰዋል፣ ሲቀዘቅዝም ያጣምመዋል። 3ኤል ሞተር ወደ 190 ኒውተን ሜትር ይሰጣል፤ በአንደኛ ማርሽ ሲባዛ ያ ጫፍ ላይ የሚያርፈው ከ700 ኒውተን ሜትር ይበልጣል። ፍሪሲዮኑ በድንገት ሲለቀቅ ደግሞ ከዚያም በላይ ነው። የተበየደ ጫፍ ይህን የሚሸከመው ለጥቂት ሳምንት ነው። ሲበጠስ የሚበጠሰው ዳገት ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሞተሩ ከጎማዎቹ ጋር ግንኙነት የለውም፣ ፍሬኑ ብቻ ነው የሚይዘው። ከልብ ነው የምላችሁ፣ ይህን ሥራ የሚቀበል ቶርኒዮ ቤት ካለ ተዉት።

ቶርኒዮ የሚያስፈልጋችሁ ለትራስሚሲዮኑ ነው። አርም ሆነ ጂ፣ የካምቢዮና የትራንስፈሩ ጠቅላላ ርዝመት ሲለወጥ የኋላው ትራስሚሲዮን ባጠረበት ልክ የፊቱ ይረዝማል፣ ወይም በተቃራኒው። ልኩ የሚወሰደው ሁሉም ነገር በቦታው ታስሮ፣ መኪናው በጎማው ቆሞ፣ ባሌስትራው ክብደት ይዞ ነው፤ በክሪክ ተነሥቶ የተለካ ልክ ሁልጊዜ ይሳሳታል። ከትራንስፈሩ ፍላንጅ ፊት እስከ ዲፈረንሻሉ ፍላንጅ ፊት ይለካ። ተንሸራታቹ ጫፍ መሐል ላይ መቀመጥ አለበት፤ ወደ ውስጥ መግቢያ ከሌለው ጉድጓድ ላይ የትራንስፈሩን ኩሽኔታ ይደበድባል፣ በጣም ወደ ውጭ ከወጣ ደግሞ በጥቂት ጥርስ ብቻ ይንጠለጠላል።

የትራስሚሲዮኑ ቱቦ ሳይቆረጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ መሥመር በመርፌ ይጫርበት። ሲበየድ ያ መሥመር ካልተገናኘ የሁለቱ ጫፍ ክሮቼራዎች (የመስቀል መጋጠሚያዎች) አቅጣጫ ይለያያል፤ መኪናው ፍጥነት ሲጨምር ይንቀጠቀጣል፣ ኩሽኔታም ይበላል። ሰዎች ዘንጉን ሚዛን አስጠብቀው እንኳ ይህን ይስቱታል።

የማርቆስ ፒክአፕ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ሰው ቆጠረው። የካምቢዮው ዘንግ 23፣ የአሮጌው ትራንስፈር ማርሽ 21። የዙር ቆጠራው ደግሞ አራት ሳይሞላ አለቀ፤ ስለዚህ አር150 ነው። አዳፕተሩ አብሮት አለ፣ ግን እንደተባለው ቀዳዳው ሌላ ነው። የፍሪሲዮኑ ዲስክ ዘንጉ ላይ ይገባል።

የቢቸና ጋራዥ

እንግዲህ ሦስት መንገድ አለ። እኔ የምመርጠውን መጨረሻ ላይ እጽፋለሁ።

አንደኛው አሮጌውን የማርሽ ትራንስፈር ማቆየት ነው። ለዚህ ሁለት ዕቃ ያስፈልጋል፦ ለዚሁ ትራንስፈር የተሠራ ባለ 23 ጥርስ የመግቢያ ማርሽ፣ እና አር ካምቢዮን ከማርሹ ትራንስፈር ጋር የሚያገናኝ አዳፕተር። የመግቢያው ማርሽ ሲገዛ የውጭ ጥርሱ ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ ይቆጠር፣ የጥርሱ ዝንባሌም ይታይ። የዚህ ትራንስፈር ፎር ሎው 2.28 ነው፤ ለሌላ ቁጥር የተሠራ ማርሽ ከታችኛው ዘንግ ጋር አይናበብም። አዲስ የመግቢያ ማርሽ ካረጀ የታች ማርሽ ጋር ሲገናኝ ጥቂት መጮኹ አይቀርም። ጥርሱ ላይ ጥፍር የሚይዝ እርከን ካለ ግን ሁለቱም አብረው መቀየር አለባቸው።

ሁለተኛው ለአር150 የሚሆነውን የሰንሰለት ትራንስፈር ፈልጎ በራሱ አዳፕተር መግጠም ነው። የሱ ፎር ሎው 2.566 አካባቢ ስለሆነ የአር150ን ድክመት ያካክሳል፦ 3.830 በ2.566 ሲባዛ 9.83 ይሆናል፣ የድሮው ጂ52 በ2.28 ደግሞ 8.96 ነበር። ያ በፎር ሎው ብቻ ነው፤ ቱ ኤች (በኋላ ጎማ ብቻ ሲኬድ) ላይ ያው ቀላሉ አንደኛ ይቀራል። ከመግዛታችሁ በፊት የፊት መውጫው ፍላንጅ በየትኛው ጎን እንዳለ እዩ፤ የፊት ዲፈረንሻሉ ባለበት ጎን መሆን አለበት። የትራንስፈር ዱላው የሚወጣበት ቦታ፣ የወለሉ ቀዳዳ፣ የኮንታኪሎሜትሩ ገመድ መግቢያና የፎር ዊል መብራቱ ሶኬትም ይታዩ። ሰንሰለቱ ይፈተሽ፦ የኋላው ፍላንጅ ተይዞ የፊቱ በእጅ ሲወዘወዝ ብዙ ክፍተት ካለውና ቤቱ ውስጥ የተጫረ መሥመር ካለ ሰንሰለቱ ተለጥጧል።

ስለ ኮንታኪሎሜትር ብዙ ሰው ይሳሳታል። ማርሹ ያለው ትራንስፈሩ የኋላ መውጫ ላይ ስለሆነ ካምቢዮ ብቻ ሲቀየር ንባቡ አይለወጥም። ትራንስፈሩ ሲቀየር ግን ትንሿ የፕላስቲክ ማርሽ ጥርሷ ተቆጥሮ ከድሮዋ ጋር ይመሳከር።

ሦስተኛው፣ እኔ የምመርጠው፣ አር150ውን መልሶ ጂ52ን ማደስ ነው። ቤቱ ካልተሰነጠቀ የተበላሸው የታወቀ ነው፦ የሁለተኛው ሲንክሮ (ማርሽ ሲገባ ፍጥነቱን የሚያመሳስለው) እና ተንሸራታች ቀለበቱ፣ አምስተኛው ማርሽ ከታች ጓደኛው ጋር፣ ከዚያም ሁሉም ኩሽኔታና ፓራኦሊዮ። አምስተኛው ከኋላ ጫፍ ስላለ ዘይት ሲጎድል መጀመሪያ የሚጎዳው እሱ ነው። ለ3ኤል ጉልበት ጂ52 በቂ ነው። ትራንስፈሩ፣ ትራስሚሲዮኑ፣ ካምቢዮውን ከሥር የሚሸከመው ድልድይ፣ ዱላው፣ ምንም አይነካም። ክረምት ሳይገባ ለመነሣት ይኼ አጭሩ ነው።

አር150ው እንዲቆይ ከወሰናችሁ ከሞተር ጋር ሲታሰር እነዚህ እንዳይረሱ። ካምፓናውን መሐል የሚያስይዙት ሁለቱ ባዶ ፒኖች ሞተሩ ላይ መኖራቸውን እዩ። ከጠፉ ካምቢዮው በፀጉር ስፋት ይዛነፋል፤ የፊት ኩሽኔታ ይበላል፣ ማርሽ ይተፋል፣ ሰውም ካምቢዮውን ይወቅሳል። ቮላኖው (ከሞተሩ ጀርባ ያለው ከባድ ክብ ብረት) መሐል ያለችው ትንሽ ኩሽኔታ አዲስ ትሁን፤ የአዲሱ ካምቢዮ ዘንግ አፍንጫ በእጅ ገብቶባት ይሞከር። ካምፓናው ከሞተሩ ጋር በእጅ ግፊት ሙሉ በሙሉ መገናኘት አለበት፤ ጥቂት ሚሊሜትር ክፍተት ከቀረ ዲስኩ መሐል አልሆነም ወይም አፍንጫው ረዝሟል ማለት ነው፣ ይውረድ። የፍሪሲዮን ሹካውና የመግፊያው ኩሽኔታ የካምፓናው ይሁኑ፤ ከድሮው ካምፓና የወጣ ሹካ የርቀቱ ልክ ይለያል።

ዳንግላ ላንድክሩዘር

በዚሁ አጋጣሚ፣ ላንድክሩዘር 75 ላይስ ነገሩ አንድ ነው? ባለ አራት ማርሹ ወጥቶ ባለ አምስቱ ኤች55ኤፍ እንዲገባበት ታስቧል።

የቢቸና ጋራዥ

መርሑ አንድ ነው። የባለ አራቱና የባለ አምስቱ የኋላ ዘንግ ጥርስ አይመሳሰልም፤ ኤች55ኤፍ የራሱን የትራንስፈር መግቢያ ማርሽ ይፈልጋል። ስለዚህ እሱም ከነትራንስፈሩ ይገዛ። አንደኛው 4.843 ስለሆነ ለጭነት የተመቸ ነው። ካምቢዮው ወደ 4.9 ሊትር ዘይት ይይዛል።

በላንድክሩዘር በተለይ ይህችን ልብ በሉ፦ ከካምቢዮው ወደ ትራንስፈር የሚያልፈው ዘንግ ላይ ያለው ፓራኦሊዮ ሲደክም ዘይቱ ከካምቢዮው ወደ ትራንስፈር ይሻገራል። ከውጭ ጠብታ አይታይም። የትራንስፈሩ መሙያ ሲፈታ ዘይት ከፈሰሰ፣ የካምቢዮው ሲፈታ ደግሞ ጣት ዘይት ካልነካ፣ ምክንያቱ ያ ነው። ካምቢዮ ወርዶ ሳለ ያንን ፓራኦሊዮ ሳይቀይሩ መልሶ ማሰር ትልቅ ጥፋት ነው።

የማርቆስ ፒክአፕ

ጂ52ን ለማደስ ተወሰነ፤ ቤቱ ተፈትሾ ስንጥቅ የለውም። ዘይቱስ ምን ዓይነት ይሁን? እዚህ ሱቅ የሚገኘው አብዛኛው 90 ቁጥር ጂኤል-5 ነው።

የቢቸና ጋራዥ

ጥሩ ወስናችኋል። ለካምቢዮው 75ደብሊው-90 ጂኤል-4 ፈልጉ። ጂኤል-5 ውስጥ ያለው የሰልፈርና የፎስፈረስ ቅመም ዲፈረንሻልን ይጠብቃል፤ የሲንክሮውን ነሐስ ግን ይበላዋል። ከዚያም በላይ በጣም ስለሚያንሸራትት ሲንክሮው ማርሹን ቶሎ አያስቆመውም፤ ጠዋት ሲቀዘቅዝ ሁለተኛ ማርሽ ይጮኻል። አዲስ ሲንክሮ አስገብቶ ጂኤል-5 መሙላት ገንዘብን መጣል ነው። ደብረ ማርቆስ ካልተገኘ ባሕር ዳር ይጠየቅ። ለካምቢዮው ወደ 3.9 ሊትር፣ ለማርሹ ትራንስፈር ወደ 1.6 ሊትር ይያዝ። ዳኛው ግን የመሙያው ቀዳዳ ነው፦ መኪናው ደልዳላ ላይ ቆሞ ዘይቱ ከቀዳዳው ከንፈር ሊፈስ ሲል መሙላቱ ይቆማል። ሁልጊዜ መሙያው መጀመሪያ ይፈታ፣ ማውረጃው በኋላ፤ መሙያው ዝጎ እንቢ ካለ ባዶ ካምቢዮ ይዞ መቅረት አለ።

የመተንፈሻዋን ቆብም አንሥታችሁ አጽዱ። ጭቃ ከደፈናት ዘይቱ ሲሞቅ የሚታፈነው አየር አዲሱን ፓራኦሊዮ ገፍቶ ያስለቅሰዋል። ወንዝ የሚሻገር መኪና ከሆነ በላስቲክ ቱቦ ወደ ሞተር ክፍል ከፍ ትደረግ።

የደጀን መሥመር

ከሹፌር በኩል አንድ ነገር ልጨምር። ካምቢዮው ከታደሰ በኋላ የመጀመሪያው ሙከራ ዓባይ በረሃ እንዳይሆን። ከደጀን እስከ ድልድዩ ቁልቁለቱ ከ1000 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ማርሽ የሚተፋ ካምቢዮ ደግሞ የሚተፋው ነዳጅ ሲለቀቅ፣ ሞተሩ መኪናውን ሲይዝ ነው። መሐል ቁልቁለት ሁለተኛው ቢተፋ ጭነቱ በሙሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል።

ሙከራው ደልዳላ አስፋልት ላይ ይሁን። በሁለተኛ ማርሽ እስከ 30 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነድቶ ነዳጁን ድንገት መልቀቅ፣ እንደገና መስጠት፣ እንደገና መልቀቅ፤ እጅ ዱላው ላይ ሳይጫን ለስላሳ ይረፍ። ዱላው በለቀቁ ቁጥር ወደ ባዶ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ሹካው ወይም ቀለበቱ ገና ጤነኛ አይደለም። ሦስተኛውንም አምስተኛውንም በየፍጥነታቸው እንደዚሁ። ፎር ሎው የሚሞከረው ግን ጭቃ ወይም ኮረት ላይ ነው፤ ይህ ትራንስፈር የፊትና የኋላውን ቆልፎ ስለሚይዝ ደረቅ አስፋልት ላይ ጥምዝ ሲዞር ዘንጎቹ ይጠማዘዛሉ፣ ዱላውም አልወጣም ይላል። እንዲህ ከያዘ በጉልበት አይሳብ፤ ሁለትና ሦስት ሜትር ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ሲኬድ ራሱ ይለቃል።

500 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ዘይቱ ይውረድና የማውረጃው ቡሎን ማግኔት ይታይ። ግራጫ ልም ዱቄት የአዲስ ዕቃ ልማድ ነው። ጥፍር የሚያህል ቅርፊት ወይም ጫፉ የሾለ ስባሪ ካለ ግን መኪናው ሳይነዳ ካምቢዮው ይከፈት።

የማርቆስ ፒክአፕ

ተመዝግቧል። የኋላው ፓራኦሊዮና የመተንፈሻው ቱቦ ከግዢው ዝርዝር ላይ ገብተዋል። አር150ው ነገ በጭነት መኪና ይመለሳል።